ሁለቱ ወደ ውጭ፣ ሁለቱ ወደ ውስጥ

«ቪንቴጅ ይላል፣ የድሮ ዕቃ ማለት ነው» አለች ሚስቱ፣ ስልኳን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ። ልብስ እየሰፋች በከንፈሯ ይዛቸው የነበሩትን ስፒሎች ቆርቆሮዋ ውስጥ ተፍታ ነው ማንበብ የጀመረችው። «"የታዋቂ ባንድ የነበረ ቪንቴጅ የቤዝ ሳጥን። ድምፁ ደከም ያለ። ለሳሎን ማስዋቢያ ወይም ለመጠጥ መደርደሪያ የሚሆን።" ፎቶም አለው፤ እየው።»

«ለምን የሚሆን?»

«ለመጠጥ መደርደሪያ።»

«የምን መጠጥ?»

«እኔ ምን አውቄ! የሚጠጣ መጠጥ ነዋ። ስፒከሩን አውጥተው ጥለው ጠርሙስ ሊደረድሩበት ይሆናል። የዛሬ ሰው እንደዚያ ነው።»

ባሏ ስልኩን አልተቀበላትም። ያንን ሳጥን ለማወቅ ፎቶ አያስፈልገውም። ቁመቱ እስከ ደረት የሚደርስ፣ ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ ከጭነት መኪና ሲወድቅ ግራ ጎኑ የተጫረ፣ ከፊቱ ጨርቅ ኋላ አራት ስፒከር ያቀፈ ሳጥን ነው። የወጣትነቱን ምሽቶች ሁሉ ጀርባውን ለዚያ ሳጥን ሰጥቶ ቆሟል። «ወፍራም ክር» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለትም ያኔ ነው፤ እሱ ራሱ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ሰው ሲሆን፣ ወፍራሞቹ የሚጫወትባቸው የቤዝ ጊታር ክሮች ነበሩ። ዛሬ በማተሚያ ቤት ወረቀት ይቆርጣል። ማሽኑ ሁለቱ እጆች ሁለት ቁልፍ ካልተጫኑ ቢላውን አይለቅም፤ እጅ እንዳይቆረጥ ነው። ወፍራም ክር ይህን ጥንቃቄ ባየ ቁጥር በምሬት ይስቃል። የሱ እጅ የተቆረጠው ቢላ በሌለበት ነዋ።

«መደርደሪያ!» አለና ተነሣ። «ድሃ ቤት ሲቀመጥ ኮተት ነው፤ ባለገንዘብ ቤት ሲገባ ቅርስ ነው! ያንን ሁሉ ሰው ያስጨፈረ ሳጥን አንጀቱ ተዘርግፎ የአልኮል ማደሪያ ይሁን? ይጩህ የሚል ሰው ቢመጣ "የድሮ ሰው" ይሉታል። ዝም ብሎ ጥግ ይቁም የሚለው ግን "ውበት ያውቃል"! ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች የአባታቸውን የጥርስ ብሩሽ ምን ያደርጉበታል? አበባ ይተክሉበታል?»

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው ስትጨርስ ንገረኝ። እኔ የሰው ቀሚስ አስረክባለሁ።» ስፒሎቿን መልሳ በከንፈሯ ይዛ የስፌት መኪናዋን መርገጥ ጀመረች።

የቁጣው ሥር ሳጥኑ ብቻ አልነበረም። ባንዱን የሚመራው ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ ስብሰባ ስለሚወድ «ሊቀመንበር» ይሉታል። ሳጥኑ ከመኪና ከወደቀ በኋላ ሊቀመንበሩ ለአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሰጥቶ አሠራው። ከዚያ ወዲህ የወፍራም ክር ቤዝ ሳሳ። ሕዝቡ መጨፈሩን አልተወም፤ ግን ወለሉ አልተነቃነቀም። ወፍራም ክር ክር ቀየረ፣ ገመድ ቀየረ፣ ማጉያ ተዋሰ፣ በመጨረሻም ጊታሩን ሸጦ ሌላ ገዛ። ሳጥኑን ግን አንድም ቀን አልጠረጠረም። እነሱ ዘንድ ለተጫዋች ሳጥኑን መክፈት ነውር ነበር፤ ተጫዋች የከፈተው ሳጥን ድምፁ ይበርራል ብለው ያምኑ ነበር። የተማሩ፣ ኖታ የሚያነቡ፣ ስለ ስምም ድምፅ ሲከራከሩ የሚያነጉ ሰዎች ናቸው ይህን ያመኑት። ሊቀመንበሩ አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ትከሻውን አቅፎ፣ «ወንድሜ፣ ሳጥኑ ያው ሳጥን ነው። እጅህ ነው የሞተብህ» አለው። ወፍራም ክር አመነው። ከባንዱ ወጣ፤ በቦታው የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ገባ። ጊታሩ አልጋ ሥር ገባ።

የዚያን ዕለት ጠዋት ደግሞ የድሮው ከበሮ መቺ፣ «መዶሻ» የሚሉት፣ ደውሎ ሰላሙን አደፈረሰው። መዶሻ እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ አንድ የመኪና ጋራዥ ሲዘጋ፣ እዚያ የድሮ ተጫዋቾችን ይሰበስባል። «ሁሉ ሰው ተሟልቷል፤ ቤዝ ብቻ ነው የሌለን። ቤዝ የሌለው ባንድ ማለት ሱሪ ሳይለብስ ከረባት ያሰረ ሰው ማለት ነው። ሊቀመንበር ቤት ሊለቅ ነው፣ ሳጥኑን እየሸጠ ነው። ግዛውና ና!»

«ብገዛው» አለ ወፍራም ክር ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደደ፣ «የቆረጠኝን ሰው ቢላውን ገዛሁለት ማለት ነው። ባልገዛው ጠርሙስ ይደረደርበታል።»

ሚስቱ መስፊያዋን አቆመች። «ሦስተኛውን ዘለልከው። ገዝተኸው ባትጫወትበትስ? እጄ ሞቷል ባዩ አንተ ነህ።»

ወፍራም ክር መንጎራደዱን አቆመ።

«ሂድና ምታው» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እጅህ ከሞተ እዚያው ቅበረውና ና። ካልሞተ ይዘኸው ና። እኔን የታከተኝ ሬሳውን አልጋ ሥር አስቀምጠን መኖራችን ነው።» አንገቷ ላይ ያለውን ሜትር አወረደችና ጥጉን ለካች። «ቁም ሳጥኑ ወደ መስኮቱ ከተገፋ ይገባል። ዋጋውን ግን አስቀንስ! ስትናደድ መከራከር አትችልም፤ አውቅሃለሁ።»

መዶሻ በአሮጌ የጭነት መኪናው ወሰደው። ወፍራም ክር ጊታሩን በእግሮቹ መካከል፣ ጭን ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ማጉያውን በእቅፉ ይዟል። መዶሻ ጆሮው በከበሮ ስለደነዘዘ ሁሉንም ነገር በጩኸት ነው የሚናገረው።

«ቁጣህን ያዝ እሺ? ሰውዬው አርጅቷል!»

«እኔስ አላረጀሁም?»

«አንተ ድሮም አርጅተህ ነው የተወለድከው!»

ሊቀመንበሩ በነጠላ ጫማና በሹራብ በሩ ላይ ጠበቃቸው። ፀጉሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ ፈገግታው ግን ያው የድሮው ነው፣ ስብሰባ ሲከፍት የሚያወጣው። «ወፍራም ክር! ወንድሜ! ከሳህ ልልህ ነበር፤ ግን ከዚያ በላይ የት ትከሳለህ!»

«ደህና ነዎት ጋሼ» አለ ወፍራም ክር። በዕድሜ ስለሚበልጠው ድሮም በአንቱታ ነበር የሚያናግረው። እጁን ሰጠው፤ ቶሎ መለሰው።

የቤቱ ጋራዥ ለመጓዝ በተሸከፉ ካርቶኖች ተሞልቷል። ኪቦርዱ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። መደርደሪያው ላይ የደረቁ የቀለም ቆርቆሮዎች ተሰልፈዋል። ሳጥኑ ጥጉ ላይ ቆሟል፤ ቆዳው በዘይት ተወልውሎ ያበራል፣ ራሱ ላይም የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጦበታል። ወፍራም ክር የአበባ ማስቀመጫውን አንሥቶ፣ የሚያኖርበትን ሳይመርጥ፣ ለሊቀመንበሩ አስታቀፈው።

«አንዲት የሆቴል ቤት አስዋቢ በጣም ፈልጋዋለች» አለ ሊቀመንበሩ አበባውን እንዳቀፈ። «ዛሬ ትደውላለች። አንተ ከሆንክ ግን ቅድሚያ ላንተ ነው፤ ወንድም አይደለህ?»

ወፍራም ክር በመጀመሪያ ትንሿን፣ የራሷ ስፒከር ያላትን ማጉያ ብቻዋን ሰካ። ክሩን በባትሪ በሚሠራ ትንሽ መቃኛው ቃኘ፤ ከዚያ ወፍራሙን ክር ባዶውን፣ ጣት ሳይጫንበት፣ መታ። ድምፁ ትንሽ ነበር፣ እንደ ማጉያዋ ልክ፤ ግን ክብ ነው፣ ሆድ አለው። መዶሻ በጩኸት «እሰይ!» አለ።

ከዚያ ከማጉያዋ ኋላ ገመድ አውጥቶ ትልቁ ሳጥን ላይ ሰካ። ጀርባውን እንደ ድሮው ለሳጥኑ ሰጠ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ያንኑ ክር መታ።

የወጣው ድምፅ ትራስ ውስጥ አፉን ቀብሮ እንደሚናገር ሰው ነበር። ክሩ ይሰማል፣ የጣቱ መነሣትና መውደቅ ይሰማል፤ ሆዱ ግን የለም። ወፍራም ክር ያን ድምፅ ያውቀዋል። በባንዱ ውስጥ የቆየበት የመጨረሻው ዓመት ድምፅ ነው።

«አየህ ወንድሜ» አለ ሊቀመንበሩ በርኅራኄ። ከሁሉ የከፋው ርኅራኄው ነበር። «ዕድሜ ነው። ሳጥንም ያረጃል፣ እጅም ያረጃል። ያኔም ነግሬህ ነበር።»

«ቆይ፣ ቆይ!» መዶሻ መዳፉን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ቆሟል። «ቅድም ትንሿ ላይ ሲመታ አንጀቴ ውስጥ ነው የገባው! አሁን የት ሄደ? በአንድ ትንፋሽ ነው እንዴ እጁ የሚሞተው?»

ወፍራም ክር ቀና አለ። ገመዱን ነቀለው፤ መታ፤ ክብ። ሰካው፤ መታ፤ ባዶ። ነቀለው፤ ክብ። ሰካው፤ ባዶ። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ማጉያ፣ አንድ እጅ። የተለወጠው ሳጥኑ ብቻ ነው። ይህን ለመረዳት የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም፤ ዓይንና አንድ ጥያቄ ይበቃሉ። ያንን ጥያቄ ያኔ የጠየቀ አልነበረም፤ እሱም ጭምር።

ጎንበስ ብሎ የሳጥኑን የፊት ጨርቅ ገልጦ ጣለው። አራቱ ስፒከሮች ጥቁር የወረቀት ሆዳቸውን አሳዩ። ከክር መቃኛው ውስጥ አራት ማዕዘኗን የባትሪ ድንጋይ አወጣ፤ የገመዱን አንድ ጫፍ ከማጉያዋ ነቅሎ፣ «ጋሼ ሊቀመንበር፣ ይቅረቡ። አበባዎን ያስቀምጡና ይቅረቡ» አለ።

ድንጋዩን ከገመዱ ጫፍ ጋር አነካካ። ጧ! የላይኞቹ ሁለት ወረቀቶች ወደ ውጭ ተነፉ፤ የታችኞቹ ሁለቱ ወደ ውስጥ ሰመጡ። ለቀቀ፤ ተመለሱ። እንደገና አነካካ። ሁለቱ ወደ ውጭ፣ ሁለቱ ወደ ውስጥ።

«አያችሁ? እነዚህ የሚገፉትን አየር እነዚያ ይውጡታል» አለ። ድምፁ ጸጥ ብሏል፤ መዶሻ ይህን ጸጥታ ያውቀዋልና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። «ጠጋኙ የሁለቱን ስፒከር ሽቦ አገላብጦ ሰክቶታል። ቀይ በጥቁር ቦታ፣ ጥቁር በቀይ። አለቀ። ይኸው ነው የሞተው እጅ።»

«ሁለቱ ሲገፉ ሁለቱ ሲጎትቱ፤ ልክ እንደ እኛ ባንድ ነዋ!» አለ መዶሻ። የሳቀለት የለም።

ሊቀመንበሩ በነጩ ፀጉሩ ላይ እጁን አሳለፈ። «ለካ ለዚህ ነው!» አለ፣ ከልቡ ተገርሞ። «የእህቴ ልጅም እንደ ገባ ልክ እንደዚሁ ነበር የሚሳሳበት። ኋላ አዲስ ሳጥን ስንገዛለት ነው ድምፁ የ…» አለና አፉን ያዘ። ቃል ግን ከወጣ በኋላ አይያዝም።

ወፍራም ክር ድንጋዩን ኪሱ ከተተ።

«ምን አሉ?»

«አይ… ማለቴ…»

«የእህትዎ ልጅም በዚህ ሳጥን ሳስቶ ነበር?»

«ለአጭር ጊዜ ነው። ወዲያው ሌላ ሳጥን ገዛን።»

«ገዛህለት!» ወፍራም ክር በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለው። «የእህትህ ልጅ ሲሳሳ ሳጥኑን ጠረጠርክ። እኔ ስሳሳ እጄን! አንድ ሳጥን፣ አንድ ድምፅ፣ ሁለት ፍርድ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። እሱን እንኳ ይሁን ልበል፤ ያኔ አላወቅህም ልበል። አዲሱን ሳጥን ሰክተህ ወለሉ ሲነቃነቅስ? ያን ቀን ምን አልክ? "ያ ሰውዬ ለካ በደህና እጁ ነው የሄደው" አላልክም?»

«ልደውልልህ አስቤ ነበር፤ ዛሬ ነገ ስል…»

«ዛሬ ነገ ስትል እኔ ወረቀት ስቆርጥ ሸበትኩ! ልጄ "አባቴ ምን ይጫወት ነበር?" ብላ እናቷን ስትጠይቅ በግድግዳ እሰማ ነበር። ጊታሩን ላሳያት አፈርኩ፤ በሞተ እጅ ምን አሳያለሁ? አንዲት ስልክ! "ወንድሜ፣ ሳጥኑ ነበር" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር! በየስብሰባው ስንት ሰዓት ስታወራ የኖርክ ሰው ይህቺን ማውጣት አቃተህ?»

ሊቀመንበሩ ካርቶን ላይ ተቀመጠ።

«መፍቻ!» አለ ወፍራም ክር። መዶሻ ከመኪናው ሮጦ አመጣለት። የሳጥኑን ጀርባ ከፈተው፤ ድምፅ የሚበርርበትን ያን የተከለከለ ጀርባ። አቧራና የሸረሪት ድር ወጣ እንጂ የበረረ አልነበረም። የሁለቱን ስፒከር ሽቦዎች ነቅሎ በየቦታቸው መልሶ ሰካ፤ ለማስተካከል የፈጀው ጊዜ ለመንቀል ከፈጀው አይበልጥም፤ ይህም ይበልጥ አናደደው። ዘጋው። ድንጋዩን አነካካ። አራቱም ወረቀቶች በአንድነት ወደ ውጭ ተነፉ፣ አንድ ነገር ሊናገሩ እንደ ፈለጉ።

ገመዱን ማጉያዋ ላይ መልሶ ሰክቶ ጊታሩን አነሣና መታ።

የጋራዡ ቆርቆሮ በር ተንቀጠቀጠ። መደርደሪያው ላይ የነበሩት የቀለም ቆርቆሮዎች እርስ በርስ ተንኳኩ። የአበባ ማስቀመጫው ወለሉ ላይ ዞረ። መዶሻ ሁለት ጣቶቹን አንሥቶ የኪቦርዱን አንሶላ መደብደብ ጀመረ፤ እየሳቀ፣ አቧራ እያነሣ። ወፍራም ክር አልሳቀም። ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚመታው፤ እያንዳንዱ ምት ለአንድ ሰው የተመዘነ ይመስል ነበር። እጁ አልሞተም። ዝጓል እንጂ አልሞተም። ይህን ማወቁ ደስታ ሊሆንለት ይገባ ነበር፤ እሱ ግን የተሰማው የተሰረቀ ዕቃውን በሰው ቤት እንዳገኘ ሰው ነው።

በዚህ መካከል የሊቀመንበሩ ስልክ ጠራ። «አዎ እመቤቴ… አዎ እሱ ነው… እንግዲህ ነገሩ ተለውጧል፤ ሳጥኑ ድምፅ ማውጣት ጀምሯል፣ ዋጋውም እንደበፊቱ…» ቀና ሲል የሁለቱን ዓይን አየ። ስልኩን ዘጋው። «ልማድ ነው» አለ በሹክሹክታ።

«ልማድ ነው!» አለ መዶሻ። «ሬሳ ሳጥንህንም ታከራያለህ አንተ!»

ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ወደ ወፍራም ክር ቀረበ። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ እውነተኛ እርጥበት። «ስማ ወንድሜ። ገንዘብህን አልፈልግም። ውሰደው። ስጦታ ይሁንህ። ያለፈው አልፏል፣ እንተወው።»

መዶሻ ወዲያው ሳጥኑን ከአንድ ጎን ለማንሣት ጎንበስ አለ። «ያዝ በዚያ በኩል! ቶሎ፣ ሐሳቡን ሳይለውጥ!»

«ተወው» አለ ወፍራም ክር።

«ምን?»

«አስቀምጠው። አልቀበልም።» ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ። «ስጦታህን ከወሰድኩ ነገ መንገድ ላይ ሳገኝህ ፈገግ ማለት አለብኝ። "ሳጥኑን ሰጠሁት፣ ታረቅን" እያልክ ለሰው ታወራለህ፤ እኔም ውሸታም ልልህ አልችልም። የሕይወቴን ያህል ወስደህ ሳጥን ትመልስልኛለህ? በሂሳብ እንኳ አትችልም። እገዛዋለሁ። ማስታወቂያህ ላይ በተጻፈው ዋጋ፣ አንድ ሳንቲም ሳላስቀንስ። ከዚያ ሳጥኑም የእኔ ነው፣ ቁጣውም የእኔ ነው። አንተ ዘንድ የሚቀር ዕዳ የለብኝም።»

«አንተ እብድ!» አለ መዶሻ። «በነፃ እየሰጠህ?»

«በነፃ አይደለም። አንተ አልሰማህም፤ ጆሮህ ደንቁሯል።»

ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋ። ሊቀመንበሩ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ፤ ለመውሰድ ያልደፈረበት የመጀመሪያው ቀን ሳይሆን አይቀርም። ወፍራም ክር ገንዘቡን አንሶላ የለበሰው ኪቦርድ ላይ አኖረው። «አሁን ያዝ በዚያ በኩል» አለው ለመዶሻ።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ቁም ሳጥኑን ወደ መስኮቱ ገፍታ፣ ጥጉን ጠርጋ ጠብቃለች። መዶሻ ሳጥኑን አግብቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ «ባልሽን ሐኪም አሳዪው!» ብሎ ሄደ።

«በስንት አስቀነስከው?» አለች።

«አላስቀነስኩም።»

«ምንም?»

«በነፃ ሊሰጠኝ ነበር። እምቢ አልኩት።»

ሚስቱ ስፒሎቿን ከከንፈሯ አንድ በአንድ አወጣች። ይህ ጥሩ ምልክት አልነበረም። «ድገምልኝ።»

ነገራት። ሽቦውን፣ ወረቀቶቹን፣ የእህት ልጁን፣ አዲሱን ሳጥን፣ ያልተደወለውን ስልክ። መጀመሪያ በገንዘቡ የነበረው ቁጣዋ ቀስ እያለ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረ።

«ለእህቱ ልጅ ገዛለት?»

«ገዛለት።»

«አንተ እዚህ አልጋ ላይ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ተኝተህ፣ እኔ ሾርባ እያጎረስኩህ፣ እሱ ለእህቱ ልጅ ሳጥን ገዛለት?»

«ገዛለት።»

«አልሰደብከውም?»

«ሰድቤዋለሁ።»

«አንሶታል። እኔ ብሆን ኖሮ…» አላለቀላትም። ቆርቆሮዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምታው እስቲ። ለሱ አይደለም፣ ለኔ።»

ወፍራም ክር ሰካ። ጀርባውን ለሳጥኑ ሰጠ። ከመታው የመጀመሪያ ድምፅ ጋር የቁም ሳጥኑ መስታወት ዘመረ፤ የስፒሎቹ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ በራሱ መራመድ ጀመረ። ሚስቱ አየችው፤ አላቆመችውም። ቆርቆሮው ምት በምት ወደ ጠርዙ ተጓዘ፤ እሱም አየው፣ እሱም አላቆመም። ጠርዙ ላይ ሲደርስ ትንሽ አመነታና ወደቀ። ስፒሎቹ በወለሉ ሁሉ ተበተኑ።

ወፍራም ክር መዳፉን ክሮቹ ላይ አሳረፈ።

«አሁንም ተናደሃል?» አለችው።

«በጣም።»

«ጥሩ። ስፒሎቼን ልቀምና ስትጨርስ እንደገና ትመታዋለህ።»